የሥጋ ዶሮ ቤትን መመርመር፦ ከጫጩቷ ትእዛዝ እስከ ማረጃው

24 ሺህ ነጭ ዶሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲታይ ዓይን ይሰንፋል። በሩ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ። ኃላፊው መዝገቡን ይዘረጋል። የሞት መጠኑ ዝቅተኛ ነው፣ ክብደቱ ከሰንጠረዡ ጋር ይሄዳል፣ መኖ አልባከነም። ጎብኚው አመስግኖ ይወጣል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ምርመራዎቼን የጨረስኩት እንዲሁ ነበር፤ መዝገብ አንብቤ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ፈርሜ። መዝገቡ አልዋሸም። የሚናገረው ግን ስለ መንጋው አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ አያነክስም፣ አያለከልክም፣ ውስጥ እግሩም አይቆስልም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የኢንዱስትሪ ዶሮ እርባታን ለሚመረምሩ ወጣት የእንስሳት ሐኪሞች፣ ለእርባታ ኃላፊዎች፣ ዶሮ በብዛት ለሚገዙ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪዎች ነው። ማስታወሻ ደብተር፣ ሰዓት፣ ቴርሞሜትር፣ የብርሃን መለኪያ፣ የአሞኒያ መለኪያና ጓንት ይያዙ። ከሁሉም በላይ ጊዜ ይያዙ። አንድን ቤት በ20 ደቂቃ ጨረስኩ የሚል ሰው ቤቱን አላየውም። አንድ ጉብኝትም አይበቃም፤ የሚቻል ከሆነ ጫጩቶቹ በገቡበት ቀን፣ ሊወጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ በሚያዙበት ሌሊትና በማረጃው ይገኙ። መመሪያው የሚከተለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ከበሩ በፊት፦ ዝርያና ጥግግት

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የዶሮዋ ኑሮ ግማሹ የሚወሰነው ገና እንቁላል ሳለች፣ ጫጩቷን የሚያዝዘው ሰው ቢሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቤቱን ከመርገጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ዝርያው ምንድን ነው? በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ዶሮ ይያዛል?

ዝርያውን በስሙ ብቻ አይለፉት፤ እድገቱን ያስሉ። አሁን በዓለም ላይ በብዛት የሚረቡት እንደ ሮስ 308 እና ኮብ 500 ያሉ ፈጣን ዝርያዎች ናቸው። 40 ግራም ገደማ ሆና የገባች ጫጩት በ38 ቀን 2.4 ኪሎ ብትደርስ በቀን በአማካይ 62 ግራም ጨምራለች ማለት ነው። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ የ1957፣ የ1978 እና የ2005 ዝርያዎችን ጎን ለጎን አንድ ዓይነት መኖ እየመገቡ አሳድገው ነበር። በ56ኛው ቀን የ1957ቷ 905 ግራም ስትመዝን የ2005ቷ 4,202 ግራም ሆነች። ልዩነቱ የመጣው ከመኖው ሳይሆን ከደሟ ነው። ልብ፣ ሳንባና የእግር አጥንት ደግሞ የደረቱን ያህል አልሮጡም፤ በሆድ ውስጥ ውኃ መቋጠር፣ ድንገተኛ ሞት፣ የእግር አጥንት መጣመም የሚመጡት ከዚሁ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አስተያየት የቀን እድገቱ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። እርስዎም ያገኙትን ቁጥር ከዚህ አጠገብ ይጻፉት።

እዚህ ላይ ብዙ መርማሪ የማይጠይቀውን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ወላጆቿስ? ሥጋ ለመሸከም የተመረጠች ዶሮ እንደልቧ ብትበላ እንቁላል ለመጣል እስከሚያስችላት ዕድሜ ጤነኛ ሆና አትደርስም። ስለዚህ የፈጣን ዝርያ ወላጆች በእድገታቸው ወቅት መብላት የሚችሉትን ግማሽ እንኳ አያገኙም፤ እየተራቡ ይኖራሉ። ይህ ረሃብ በሚመረምሩት ቤት ውስጥ አይታይም፤ ዝርያው ሲመረጥ ግን አብሮ ተመርጧል።

ጥግግቱን በራስዎ ካልኩሌተር ያስሉ። የቤቱን ወለል ስፋት ይውሰዱ፣ የገቡትን ጫጩቶች ቁጥር ሊወጡ ሲሉ በሚጠበቀው ክብደት ያባዙና ለስፋቱ ያካፍሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የሥጋ ዶሮ መመሪያ መነሻው 33 ኪሎ በካሬ ሜትር ነው፤ ተጨማሪ ሁኔታዎች ሲሟሉ 39፣ ከዚያም 42 ኪሎ ይፈቅዳል። 39 ኪሎ ማለት ባለ 2.4 ኪሎ ዶሮ በአንድ ካሬ ሜትር ከ16 በላይ ትሆናለች ማለት ነው። ለአንዷ የሚደርሳት ቦታ አንድ ኤ4 ወረቀት አያህልም። ከላይ የጠቀስኩት ባለሥልጣን የሚመክረው 11 ኪሎ ነው። ሕጉ በሚፈቅደውና ሳይንሱ በሚለው መካከል ያለው ርቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ አንድ ቤት «ሕጉን አሟልቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር በሪፖርት ውስጥ ሲያነቡ ይህንን ያስታውሱ።

አንዳንድ እርባታዎች በአምስተኛው ሳምንት ገደማ የተወሰኑትን ዶሮዎች ቀድመው አውጥተው ለቀሪዎቹ ቦታ ያሰፋሉ። ይህ ካለ ጥግግቱን መጀመሪያ ከሚወጡበት ቀን በፊት ባለው ሌሊት ያስሉት፤ ቤቱ በጣም የሚጨናነቀው ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት የሰውነቷን ሙቀት በራሷ መጠበቅ አትችልም። ከማሞቂያው ሥር ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይፈለጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ በአምስተኛው ሳምንት 20 እና 21 አካባቢ ይደርሳል። ቴርሞሜትሩን ግን ግድግዳ ላይ አይፈልጉት፤ በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ይያዙት። የተሻለው ቴርሞሜትር ራሳቸው ጫጩቶቹ ናቸው። ከማሞቂያው ሥር ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ርቀው ክንፋቸውን ዘርግተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል። ሁሉም በአንድ ጎን ከተሰበሰቡ ከሌላው ጎን ንፋስ እየገባ ነው። እዚህም እዚያም ተበታትነው የሚጭሩ፣ የሚበሉ፣ የሚተኙ ካሉ ሙቀቱ ልክ ነው፤ ቴርሞሜትሩን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

ከገቡ 24 ሰዓት ሲሆናቸው ከተለያየ ቦታ 30 ወይም 40 ጫጩት እያነሱ አንገታቸው ሥር ያለውን የመኖ ከረጢት በጣት ጫፍ ይዳስሱ። ለስላሳና ሞላ ያለ መሆን አለበት። ጠንካራ ከሆነ መኖ አግኝታ ውኃ አላገኘችም፤ ባዶ ከሆነ ሁለቱንም አላገኘችም። በዚህ ሰዓት ከመቶ 95ቱ የሞሉ መሆን አለባቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ በሚቀጥሉት ቀናት በሞት መዝገቡ ላይ ይመጣሉ።

የመጨረሻው ሳምንት፦ በሩ ላይ

አሁን ዶሮዎቹ ሊወጡ ጥቂት ቀን ቀርቷቸዋል፤ ክብደታቸው ከፍተኛ፣ ጉዝጓዙ ያረጀ፣ ቦታው የጠበበ ነው። እውነተኛው ምርመራ ይህ ነው። በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ቤት የሚያዩ ከሆነ ከወጣቱ መንጋ ወደ ትልቁ ይሂዱ፤ ልብስና ጫማ ይቀይሩ፣ እጅዎን ይታጠቡ። በሽታ ይዞ የገባ መርማሪ ከሚመረምረው እርባታ የከፋ ነው።

በሩን ከፍተው እንደገቡ የመጀመሪያውን ደቂቃ አያባክኑ። አፍንጫዎ የሸተተውን፣ ዓይንዎ የቆጠቆጠውን ወዲያውኑ ይጻፉ፤ ከአፍታ በኋላ አፍንጫ ይለምዳል። የቤቱ ሠራተኛ «ምንም አይሸትም» ቢልዎት አልዋሸም፤ ለእርሱ በእርግጥ አይሸትም። ከዚያ በሩን ዘግተው አምስት ደቂቃ ያህል በዝምታ ይቁሙ። ዶሮዎቹ ከመግባትዎ ድንጋጤ ሲረጋጉ የሚያሳዩት ነገር ነው የዕለት ኑሯቸው።

መለኪያውን አውጥተው አሞኒያውን ይለኩ፤ ግን ቁጢጥ ይበሉ። እርስዎ የሚተነፍሱት ከሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ነው፤ እርሷ የምትተነፍሰው ከጉዝጓዙ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በካሬ ሜትር ከ33 ኪሎ በላይ ለሚይዝ ቤት በዶሮዎቹ ራስ ከፍታ 20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 20) አሞኒያና 3,000 ፒፒኤም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጣሪያ አድርጓል። አሞኒያ ሲበዛ ዓይን ያቃጥላል፣ የመተንፈሻ ቱቦን ይጎዳል። ዓይኗን ጨፍና በክንፏ ትከሻ የምታሸው ዶሮ ካዩ መለኪያው የሚናገረውን አስቀድማ ነግራዎታለች።

ጉዝጓዙን ይጨብጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ጉዝጓዙ ይሁን። ዶሮዋ ዕድሜዋን በሙሉ የምትራመደው፣ የምትተኛው፣ የምትጭረው በዚሁ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ላይ ነው፤ ከጫጩትነቷ እስከ መጨረሻው ቀን ደግሞ አይቀየርም። ስለ ቤቱ አያያዝ የሚባለው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ወለል ላይ ይወርዳል።

ቢያንስ ከስድስት ቦታ፣ ማለትም ከመጠጫው ሥር፣ ከመመገቢያው ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ከመሃል አንዳንድ እፍኝ ያንሱና አጥብቀው ይጨብጡ። እጅዎን ሲከፍቱ ዝም ብሎ የሚፈስ ከሆነ ደርቋል፤ አቧራው ለሳንባ አይበጅም። ትንሽ ተያይዞ ወዲያው የሚፈረካከስ ከሆነ መልካም ነው። እንደ ጭቃ ኳስ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ እርጥብ ነው። ላዩ እንደ ቅርፊት ጠንክሮ ሥሩ የሚያጣብቅ ከሆነ ደግሞ ዶሮዎቹ መጫር ካቆሙ ሰንብተዋል።

እርጥበቱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ መርማሪው መርማሪነቱን ያሳያል። ዶሮ ከምትበላው መኖ በክብደት 1.8 እጥፍ ገደማ ውኃ ትጠጣለች። በመጨረሻው ሳምንት 24 ሺህ ዶሮ በቀን ከ7 ሺህ ሊትር በላይ ይጠጣል፤ አብዛኛውም በኩስና በትንፋሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ውኃ የሚያወጣው አየር ማናፈሻው ነው። በብርድ ወራት የማሞቂያ ነዳጅ ለመቆጠብ ማናፈሻው ይቀነሳል፤ ሙቀቱ ይቀራል፣ እርጥበቱም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ጉዝጓዙ እርጥብ ሆኖ ካገኙት የነዳጅና የኤሌክትሪክ መዝገቡን ይጠይቁ። ሌሎቹ ምክንያቶች ቀለል ያሉ ናቸው፤ የሚያንጠባጥብ መጠጫ፣ ከዶሮዋ ጀርባ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ መስመር፣ ተቅማጥ፣ ፕሮቲንና ጨው የበዛበት መኖ። መጠጫው ዶሮዋ አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታ የምትደርስበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ጎንበስ ብላ የምትጠጣ ከሆነ ግማሹን የምታጠጣው ወለሉን ነው።

ከጉዝጓዙ ወደ እግር። ቢያንስ 100 ዶሮ ከተለያየ የቤቱ ክፍል ያንሱ፤ በር አካባቢ ያሉትን ብቻ አይያዙ፣ እነርሱ ደህና የሚራመዱት ናቸው። ዶሮዋን በሁለት እጅ ክንፏን ሰብስበው ይያዙና ውስጥ እግሯን ይመልከቱ። ቆሻሻ ከሸፈነው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከቆሻሻው ሥር ያለውን ጥቁር ቁስል ነው የሚፈልጉት። ንጹሕ ለሆነ ዜሮ፣ ቀለሙ ለተቀየረ ወይም ትንሽ ለተላጠ አንድ፣ ለቆሰለ ሁለት ብለው ይጻፉ። ቀጥሎ ቋንጃዋን ይዩ። በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ብዙ የምትቀመጥ ዶሮ ቋንጃዋ በአሞኒያው ይቃጠላል፤ ቡናማ ጠባሳው ከእርድ በኋላም አይጠፋም። ደረቷ ላይ ያለው ላባ የረገፈና የቆሸሸ ከሆነ ቀኑን የምታሳልፈው ተኝታ ነው።

ቀስ ብለው ይራመዱ

ቤቱን በርዝመቱ ወደ መስመሮች ይከፋፍሉና በአንድ መስመር እየሄዱ በሌላው ይመለሱ። የእርስዎ እርምጃ ፈጣን ከሆነ ዶሮዎቹ ተገፍተው ይነሣሉ፣ ያነከሰችውም በሕዝቡ መሃል ትጠፋለች። ስለዚህ በዝግታ፣ አንድ እርምጃ ከዚያ ትንሽ ቆም። ወደ ኋላ የቀረችውን ይቁጠሩ። የማትነሣውን፣ በክንፏ ተደግፋ የምትሄደውን፣ ከእኩዮቿ ያነሰችውን፣ የቆሰለችውን፣ የሞተችውን ለየብቻ ይመዝግቡ።

አረማመድን ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ1992 በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ከዜሮ እስከ አምስት ያለው መለኪያ እስከ አሁን ያገለግላል። ዜሮ ያለ እንከን ትራመዳለች። አንድ፣ የሆነ ነገር አለ ግን ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ሁለት፣ እንከኑ ይታያል፣ አላገዳትም። ሦስት፣ በግልጽ ታነክሳለች፣ ባትሄድ ትመርጣለች። አራት፣ ካልተገደደች አትነሣም፣ ጥቂት ተራምዳ ትቀመጣለች። አምስት፣ መራመድ አትችልም። ለጀማሪ የሚከብደው ሁለትን ከሦስት መለየት ነው። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፤ ከተነሣች በኋላ ለመቀመጥ ስንት ሰከንድ ትወስዳለች? ዙሪያዋን ሳትቃኝ፣ ሳትጭር፣ በቆመችበት ዝቅ የምትል ከሆነ ሦስት እላለሁ።

በብሪታንያ 51 ሺህ ዶሮዎች ታይተው እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በ40 ቀን ዕድሜ አካባቢ ከመቶ 27.6ቱ ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙ ነበሩ፤ 3.3ቱ ጨርሶ መራመድ አቅቷቸዋል ለማለት ይቻላል። «ታነክሳለች እንጂ አያማትም» የሚል ኃላፊ በየቦታው ይገጥምዎታል። መልሱ ያለው ሌላ ጥናት ላይ ነው። ተመራማሪዎች ለዶሮዎች ሁለት መኖ አቀረቡ፤ በአንደኛው ውስጥ ካርፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበረበት። የሚያነክሱት ከጤነኞቹ ይልቅ መድኃኒት ያለበትን መረጡ፤ ማንከሱ በበረታ ቁጥርም ከማስታገሻው የወሰዱት ጨመረ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን የሚባለው ልክ ነው፤ እነዚህ ግን ከጥሬው ውስጥ መድኃኒቱን መርጠዋል።

አራትና አምስት ያገኘች ዶሮ መጠጫው ጋ መድረስ ያቅታታል፤ በጥማት ልትሞት ትችላለች። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ሠራተኛው በዕለቱ፣ የሠለጠነ ሰው በሚያውቀው መንገድ ያለ ስቃይ ሊገድላት ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በእጅ አንገት መስበር የሚፈቀደው እስከ ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ብቻ ሲሆን አንድ ሰው በቀን ከ70 በላይ እንዳያደርግ ተከልክሏል፤ የደከመ እጅ ይስታል። በቤቱ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳሠለጠነው ይጠይቁ። «ሁላችንም እናደርጋለን» የሚል መልስ የሚያሳስብ ነው።

ብርሃን፣ ጨለማና የሚሠሩት ነገር

የብርሃን መለኪያውን በዶሮዎቹ ዓይን ከፍታ ይያዙ። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ከወለሉ 80 ከመቶ በሚሆነው ላይ ቢያንስ 20 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይጠይቃል፤ በሌሊት ደግሞ በድምሩ ስድስት ሰዓት ጨለማ፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ አራቱ ያልተቋረጠ። ብርሃኑ የሚደበዝዘው ዶሮዎቹ እንዲተኙና መኖ በእንቅስቃሴ እንዳያባክኑ ነው፤ እግራቸው ግን የሚጠነክረው በመንቀሳቀስ ነው። የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች ለምግብ ኩባንያዎች ያቀረቡት የአውሮፓ የዶሮ ስምምነት ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ ከፍ አድርጎ የተፈጥሮ ብርሃን ጨምሮበታል፤ ጥግግቱን በ30 ኪሎ ወስኖ ዘገም ብለው የሚያድጉ ዝርያዎችንም ይጠይቃል። እንዲሁም ለየ1,000 ዶሮ ሁለት ሜትር ቆጥና ሁለት የሚነቆር ነገር ይላል።

ቆጡን ሲያዩ «አለ» ብለው ብቻ አይጻፉ። ስንት ዶሮ ወጥቶበታል? ፈጣን ዝርያ በመጨረሻው ሳምንት ቆጥ ላይ መውጣት ያቅታታል፤ ባዶ ቆጥ ከቤት ዕቃ አይሻልም። ዝቅ ያለ መድረክ፣ የጭድ እስር ግን ይጠቀሙበታል። አሥር ደቂቃ ቆመው ስንቶቹ እየጫሩ፣ ስንቶቹ ክንፋቸውን እየዘረጉ፣ ስንቶቹ በጉዝጓዙ ውስጥ እየተንከባለሉ ላባቸውን እንደሚያጥቡ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ዜሮ የሚሆንባቸው ቤቶች አሉ።

ሙቀቱን አይርሱ። ዶሮ ላብ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ብዙዎቹ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው ያራቁ ከሆነ ቴርሞሜትሩ የሚለው ምንም ይሁን ሞቋቸዋል። የአውሮፓው መመሪያ ከ33 ኪሎ በላይ ለሚይዝ ቤት ውጪው በጥላ ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ የቤቱ ሙቀት ከውጪው ከሦስት ዲግሪ በላይ እንዳይበልጥ ያዛል። ኃላፊውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ መብራት ቢጠፋ ማናፈሻው በስንት ደቂቃ ውስጥ በጄኔሬተር ይነሣል? ማስጠንቀቂያውስ ለማን ይደውላል? በሞቃት ቀን የቆመ ማናፈሻ ቤቱን ሙሉ ይገድላል። ጄኔሬተሩን አስነሥተው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

አሁን ወደ መዝገቡ

መዝገቡን መጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ዶሮዎቹን ካዩ በኋላ ሲያነቡት ይናገራል። በራሳቸው የሞቱትና ሠራተኛው የገደላቸው በተለያየ ዓምድ መጻፍ አለባቸው። 42 ኪሎ ጥግግት ለሚፈልግ ቤት የአውሮፓው መመሪያ የሞት ጣሪያውን 1 ከመቶ ሲደመር 0.06 ከመቶ በዕድሜው ቀን ተባዝቶ አድርጎታል፤ ለ40 ቀን መንጋ 3.4 ከመቶ ማለት ነው። ከዚህ በታች የሆነ ቤት ሁሉ መልካም ቤት አይደለም። ቤቱን ሲዞሩ አራትና አምስት ነጥብ ያላቸው ዶሮዎች በብዛት አይተው በመዝገቡ ላይ የተገደሉት ጥቂት ከሆኑ የሞት መጠኑ ዝቅ ያለው ሕመምተኞቹ በሕይወት ስለተተዉ ነው። የውኃ ቆጣሪውንም ንባብ ይዩ፤ የውኃ ፍጆታ ድንገት መውረድ ብዙ ጊዜ ከበሽታው ምልክት ይቀድማል።

የመያዣው ሌሊት

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የተሰበሩ ክንፎች ግን አብዛኞቹ የሚገኙት በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ነው። መኖ ከእርድ በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይነሣል፤ ውኃ እስከ መጨረሻው መቆየት አለበት። በእጅ የሚይዙ ሠራተኞች በአንድ እጅ ብዙ ዶሮ በእግር አንጠልጥለው ይሸከማሉ። የአውሮፓ ኅብረት የእንስሳት ማጓጓዣ ሕግ እንስሳን በእግር ማንሣት ይከለክላል፤ በዶሮ ቤት ውስጥ ግን እንዲህ መሸከም የተለመደ ሆኖ ኖሯል። ትክክለኛው አያያዝ ሁለት ዶሮ ብቻ፣ ቀጥ እንደቆሙ፣ ክንፋቸው ተሰብስቦ፣ በሁለት እጅ ነው። ጊዜ ይፈጃል ይባላል። ይፈጃል። የያዦቹ ክፍያ በዶሮ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ማንም ቀስ ብሎ አይዝም፤ ስለዚህ የክፍያውን ውል ይጠይቁ።

ከ1.6 እስከ 3 ኪሎ ለምትመዝን ዶሮ ሕጉ በሳጥን ውስጥ ለየኪሎው 160 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ለ2.4 ኪሎዋ 384 ማለት ነው። ሳጥኑ ሲዘጋ ራስ፣ ክንፍ ወይም ጣት ጠርዙ ላይ አለመያዙን ቆመው ይመልከቱ። መራመድ ያቃታት ዶሮ ጭነት ላይ መውጣት የለባትም፤ በዚያው ቤት ውስጥ ስቃይዋ ማብቃት ነበረበት።

ማረጃው

ሁለት ዓይነት ማደንዘዣ ያጋጥምዎታል። በአንደኛው ዶሮዋ በሕይወት እያለች በእግሯ ብረት ላይ ተንጠልጥላ ራሷ ኤሌክትሪክ በተለቀቀበት ውኃ ውስጥ ያልፋል። የታመመ እግር ያላት ዶሮ በእግሯ ስትንጠለጠል ምን እንደሚሰማት ለማሰብ ከላይ ያለውን የአረማመድ ነጥብ ማስታወስ ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተንጠልጥላ የምትቆይበትን በአንድ ደቂቃ ገድቧል፤ በውኃው ውስጥ ለእያንዳንዷ ቢያንስ 100 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት ለአራት ሰከንድ ይጠይቃል፣ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ (ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ከፍ ሲል ደግሞ አምፔሩም ይጨምራል። እዚህ ሦስት ነገር ይቁጠሩ፦ ክንፏ ከራሷ ቀድሞ ውኃውን ነክቶ የተንዘፈዘፈችውን፣ ራሷን ቀና አድርጋ ውኃውን ያለፈችውን፣ ከወጣች በኋላ የምትተነፍሰውን። ሆዷ በሥርዓት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አልደነዘዘችም፤ መስመሩ ይቁም ማለት አለብዎት፤ አለማለት ዶሮዋን ፊት መንሣት ነው።

በሁለተኛው መንገድ ዶሮዎቹ ከነሳጥናቸው በጋዝ ይደነዝዛሉ። ማንጠልጠሉ ከራስ መሳት በኋላ ስለሚመጣ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ቢሆንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት በአንዴ ሲለቀቅ ያንቃል፤ መጠኑ ዶሮዋ ራሷን እስክትስት ከ40 ከመቶ በታች ሆኖ ከዚያ በኋላ መጨመር አለበት። በመስኮቱ በኩል መጀመሪያ የገቡትን ይመልከቱ፤ ራስ መነቅነቅና አፍ መክፈት ይታያል፣ ከሳጥኑ ለመውጣት መታገል ግን መጠኑ ቶሎ እንደጨመረ ይናገራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የሰብአዊ እርድ ሕግ ዶሮን ጨርሶ አይጨምርም፤ በዚያ የሚመረምር ሰው በአብዛኛው የሚይዘው የኩባንያውን የራሱን ደንብ ነው።

ከዚያ ወደ እግር መቁረጫው ይሂዱ። ስዊድንና ዴንማርክ ከየመንጋው 100 እግር በማረጃው ላይ እየታየ ነጥብ እንዲሰጠው አድርገዋል፤ ነጥቡ የከፋ እርባታ የሚይዘውን የዶሮ ቁጥር እንዲቀንስ ይገደዳል። በአገርዎ እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሌለም 100 እግር መቁጠር ማንንም አያስፈቅድም፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቁጥሩን በመጨረሻው ሳምንት በቤቱ ውስጥ ከጻፉት ጋር ያመሳክሩ። የማረጃው በብዙ ከበለጠ በቤቱ ውስጥ በር አካባቢ ያሉትን ነው የያዙት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከግድግዳው ጥግ ይጀምሩ። ከተቀራረበ ወረቀቱን በዚያው ቀን ለኃላፊው ይላኩ፤ የቀጣዩ ዙር ጫጩት ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ያሁኖቹ ገና ከቤቱ ሳይወጡ ነው።